ሞተሩ ሲጠፋ ልጄ ተገመገመች

ሰው ሰርቆ ሲገመገም ሰምቻለሁ፤ ሰው አርፍዶ ሲገመገም ሰምቻለሁ። የሞተር ሳይክሉ ሞተር መንገድ ላይ ስለጠፋበት የተገመገመ ሰው ግን ከልጅ ልጄ በቀር አላውቅም።

ጊዜው ግምገማ እንደ ጉንፋን የሚተላለፍበት ጊዜ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ይገመግማል፣ ቀበሌው ይገመግማል፤ እኛ ሰፈር ዕድሩ ሳይቀር «ድንኳኑን ማን ቀደደው» ብሎ ግማሽ ቀን ተገማግሟል። አሠራሩን ለማያውቅ ልንገር። ሰው ይነሣና ድክመቱን በራሱ አፍ ይናገራል፤ ይህ ግለ ሂስ ይባላል። ከዚያ ሌሎቹ በየተራ ተነሥተው እሱ የረሳውን ያስታውሱታል፤ ይህ ደግሞ ሂስ ነው። በመጨረሻ የተነገረበት ሰው «ተቀብያለሁ» ይላል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል። ድንኳኑ ግን እንደተቀደደ ነው።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። የቀረውን ያስተማረኝ ሐዋሳ ገበያ ነው፤ ቅቤ ስሸጥ ነው ያረጀሁት። ቅቤ ሻጭ ሁለት ዓይነት ነው፤ ሲመዝን ጣቱን ሚዛኑ ላይ የሚያሳርፍና የማያሳርፍ። እኔ አላሳርፍም፤ የሚያሳርፍ ሳይ ደግሞ ዝም ማለት አይሆንልኝም። ይህ ጠባዬ ብዙ ጠላት አፍርቶልኛል። አልቆጭበትም።

የልጅ ልጄን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያሳደግኳት እኔ ስለሆንኩ ልጄ ነው የምላት። የእንስሳት ጤና ተምራ እዚሁ ከተማ አንድ መሥሪያ ቤት ተቀጠረች። ሥራዋ ከከተማው ወጣ ባሉ ቀበሌዎች እየዞረች ከብት መከተብ ነው። ሰፈር ውስጥ ከሲዳማ ልጆች ጋር ስላደገች ቋንቋቸውን እንደ እነሱ ትናገራለች፤ ገበሬዎቹም ይወዷታል። ክትባቱ በበረዶ ሳጥን ይያዛል፤ በረዶው መንገድ ላይ ከቀለጠ ላሟን የምትወጋት ውሃ ነው። ስለዚህ በእግር አይሆንም። ሞተር ሳይክል ያስፈልጋል።

የሰጧት ሞተር ሳይክል ድሮ ከተዘጋ ፕሮጀክት የተረፈ ነው፤ ዕድሜው ከእሷ ቢበልጥ እንጂ አያንስም። ከእሷ በፊት ይይዘው የነበረው አንድ ባልደረባዋ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ቤት ውስጥ እንኳ ጥቁር መነጽሩን ስለማያወልቅ እኛ ባለመነጽሩ እንለዋለን። ሰውዬው ከብት ሲከትብ ያየው ባይኖርም ፒያሳ ጁስ ቤት በር ላይ ሞተር ሳይክሉን አቁሞ ጫማውን ሲያስጠርግ ያላየው የለም። «ሴቶችን እናብቃ» የሚል መመሪያ ሲመጣ እሱ ቀድሞ ተነሣና «ሞተር ሳይክሌን ለእህታችን ለቅቄያለሁ» አለ። ተጨበጨበለት። ለካ አዲስ ሞተር ሳይክል ሊመጣ ነው የሚል ወሬ ጆሮው ገብቶ ኖሯል። አዲሱ ሳይመጣ ቀረ። ጭብጨባው አለቀና ባለመነጽሩ እግረኛ ሆነ።

ሞተር ሳይክሉ ነዳጅ ሲሰጡት ይሮጣል። ችግሩ መቆም ነው። ነዳጁን ለቀቅ ሲያደርጉለት ያስላል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይጠፋል። ቆሞ በዝግታ መሥራቱን መካኒኮች ሚኒሞ ይሉታል፤ የእኛው ሚኒሞ አይዝም። እንግዲህ መንገድ ላይ መቆም የማያስፈልገው ማን ነው? ትራፊክ ያስቆማል፣ አህያ ያስቆማል፣ ዕቃ የጫነ ጋሪ ያስቆማል። ልጄ በቆመች ቁጥር ሞተሩ ይጠፋል፤ እሷም የበረዶ ሳጥኑን ከኋላ ጭና፣ ቀሚሷን በአንድ እጅ ሰብስባ፣ በእግሯ እየረገጠች ታስነሣለች። የባጃጅ ልጆች ደግሞ ሥራ የላቸውም።

«እህቴ፣ ባልሽን ጥሪውና ይርገጥልሽ!»

«ተይው፣ ደክሞት ነው፤ ትንሽ ይተኛ!»

እሷ አትመልስም። ከእኔ ያልወረሰችው ይህንን ብቻ ነው።

አንድ ቀን ከመሥሪያ ቤት ፊቷ ጠቁሮ መጣች። ተገምግማ ነው።

«ምን አሉሽ?» አልኳት።

«ሞተሩ በየመንገዱ የሚጠፋው በአያያዝ ክፍተት ነው አሉ። የመሥሪያ ቤቱን ገጽታ አበላሽተሻል አሉኝ።»

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«ተቀብያለሁ አልኩ።»

«ምኑን?»

«ሂሱን ነዋ፣ እምዬ። ካልተቀበልሽ ‘ሂስ አትቀበልም’ የሚል ሌላ ሂስ ይመጣል። ሁሉም ሰው ተቀበዪና ይለፍ ብሎ መከረኝ።»

«ያላጠፋሽውን?»

«እንዲህ ነው የሚባለው። ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚለው።»

ልክ ናት፤ ሁሉም ሰው እንዲህ ነበር የሚለው። እኛ አገር በዚያን ጊዜ ሰው ከክስ የሚያመልጠው ክሱን አምኖ ነበር። እሷ ግን አላመለጠችም። «ተቀብያለሁ» ብላ ገና ሳትቀመጥ ባለመነጽሩ እጁን አወጣ። «እህታችን ክፍተቷን በግልጽ ማመኗ ጥንካሬ ነው። ይሁን እንጂ ክፍተቱ እስኪሞላ ድረስ ንብረቱ አያያዝ ለሚችል ሰው ቢሰጥ» አለ። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አቅጣጫ አስቀመጠ። እስከሚቀጥለው ግምገማ ሞተሩ ሚኒሞ ከያዘ ይያዝ፤ ካልያዘ ለባለመነጽሩ ይመለስ፣ እሷም መስክ መውጣቷን ትታ ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ቁጭ ብላ መርፌ ትቁጠር ተባለ።

ልጄ ያን ሁሉ ዓመት የተማረችው መርፌ ለመቁጠር አይደለም።

የሞተር ሳይክል ጠባይ የማላውቅ ሰው ነኝ፤ የወንዶችን ጠባይ ግን የተማርኩት ያን ሰሞን ነው። ወንድ ልጅ የቆመ ሞተር ሳይክል አይቶ ሳይነካ ማለፍ አይችልም። ቤንዚኑን ከአየር ጋር ከሚያደባልቀው ከካርቡራቶሩ ጎን አንዲት ትንሽ ቪቴ አለች፤ ስትጠብቅ ሞተሩ ቆሞ ሳለ ድምፁ ይጨምራል፣ ስትላላ ይቀንሳል። ግቢያችን የገባ ወንድ ሁሉ እሷን ያዞራል። ጡረታ የወጣው ሹፌር ጎረቤታችን መጣና አጠበቃት። የቤተ ክርስቲያን መዘምራን መሪው ለጸሎት መጥቶ አላላት። የመብራት ቆጣሪ የሚያነበው ሰውዬ፣ እንኳን ሞተር ሳይክል ብስክሌትም የለው፣ ከኪሱ ሃያ አምስት ሳንቲም አውጥቶ በሳንቲሙ ጠርዝ ዞር ዞር አደረጋትና «አሁን ይሻለዋል» ብሎ ሄደ። ማንም ምን እንደነበረ፣ ምን እንዳደረገ፣ ምን እንደተለወጠ አይናገርም። ሁሉም ግን አውቋል።

መካኒኩ ዘንድም ወሰድነው። ከጋራዡ በር ላይ እንደተቀመጠ አንገቱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ።

«ካርቡራቶሩ አልቋል፣ እማማ። መቀየር ነው።»

«ፈትተህ አይተኸዋል?»

«ድምፁ ይበቃኛል።»

«ሐኪሞቹም እንዳንተ ቢሆኑ እኔን ከቀበራችሁኝ ቆይታችሁ ነበር።»

ሳቀና ያችኑ ቪቴ እስኪበቃት አጠበቃት። በእርግጥ ሞተሩ አልጠፋም። ይልቁንም ቆሞ ሳለ መጮህ ጀመረ። ልጄ ፒያሳ ላይ ቆማ ትራፊኩን ስትጠብቅ ሞተሩ ልብስ እንደተነጠቀ ዕብድ ይጮሃል። ትራፊኩ ጠጋ ብሎ «እህቴ፣ ከማን ጋር ነው የምትጣዪው?» አላት። በማግሥቱ ደግሞ ሞተሩ እንደልማዱ ጠፋ።

በዚህ ጊዜ ተቆጣሁ። ቁጣዬ የወጣው በሞተሩ ላይ ሳይሆን በፍርዱ ላይ ነው። አምስት ሰው በአንድ ጊዜ የሚዳኘው ጉዳይ ላይ አንድም ዳኛ የለም። ዱካዬን አውጥቼ ሞተር ሳይክሉ አጠገብ አስቀመጥኩና ልጄን ጠራኋት።

«ከዛሬ ጀምሮ ይህን ዕቃ ካላንቺ በቀር ማንም አይነካውም። አንቺም ብትሆኚ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነው የምትነኪው። አንዱን ትከስሺያለሽ፣ ትመረምሪያለሽ፤ ጥፋተኛ ካልሆነ ወደ ቦታው ትመልሺውና ሌላውን ትጠሪያለሽ። ሁሉንም በአንድ ላይ ደብድቦ አውጡ ማለት የፖሊስ ጣቢያ ሥራ ነው።»

«እምዬ፣ ሞተር እኮ ነው።»

«ይሁን። ያንቺን ያህል እንኳ ሳይጠየቅ አይፈረድበት።»

መጀመሪያ ያቺን ቪቴ በዝግታ አስተካክላ ምልክት አደረገችባትና ተውናት። ከዚያ የተጠራችው ካንዴላ ናት፤ እሳቱን የምትሰጠው። ልጄ አወጣቻት፣ በሽቦ ብሩሽ ጠረገቻት፣ ከጎረቤት ሞተርም ሌላ ተውሰን ሞከርን። ለውጥ የለም። ነፃ ተለቀቀች። ቀጥሎ ቤንዚኑ ቀረበ። ውሃ ገብቶበት ይሆናል ብለን ከነዳጅ ጋኑ ሙሉ በሙሉ ቀዳንና አዲስ ሞላን። ለውጥ የለም። ቀጥሎ የአየር ማጣሪያው መጣ። እሱ እንኳ የጠጠር መንገዱን አቧራ ሁሉ ጠጥቶ ቡኒ ሆኖ ነበር፤ ታጥቦ ሲገባ ሞተሩ ሩጫው ላይ ተሻሻለ፣ ሲቆም ግን ያው ጠፋ። እንግዲህ ማጣሪያው በሌላ ወንጀል ጥፋተኛ ነው፤ በእኛ ክስ ግን ነፃ ነው።

ቆጣሪ አንባቢው በመሐል መጣ። ዱካዬ ላይ መቀመጤን አይቶ ሳቀ፤ እጁ ግን ኪሱ ውስጥ ሳንቲም እየፈለገ ነበር።

«እማማ፣ እስቲ ትንሽ ብቻ ላጥብቅላችሁ።»

«ቆጣሪህን አንብብና ሂድ! እኔ ያንተን ቆጣሪ ነክቼ አውቃለሁ?»

«ለደግ ብዬ እኮ ነው።»

«ደግነትህን ከነሳንቲምህ ኪስህ ውስጥ አኑረው።»

ካርቡራቶሩ ከባዱ ተከሳሽ ስለነበረ መካኒኩን ግቢያችን ድረስ አስመጣሁት። እፊቴ ፈታው፣ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ በፓምፕ ነፋቸው፣ ወደ ፀሐይ እያነሣ አየ። ጥርት ያለ ነው። መካኒኩ አዘነ፤ ካርቡራቶር የመሸጥ ሐሳቡ ነው የሞተው። «እንግዲህ እንጃ፣ እማማ» አለኝ። ከእሱ አፍ የሰማሁት የመጀመሪያው ሐቅ እሱ ነው።

እዚያ ላይ ሆኜ አንድ ነገር ገባኝና ደሜ ፈላ። ካንዴላዋ ጠበቃ ሳይኖራት ያገኘችውን ፍትሕ ልጄ ዲፕሎማና ዲግሪ በሞላበት ስብሰባ ፊት አላገኘችም። እሷን «ፍቺው፣ እዪው፣ ጠይቂው» ያለ አንድም ሰው አልነበረም። «ተቀበዪው» ብቻ ነው።

ግምገማው ሲቃረብ ልጄ ከመስክ ጭቃ በጭቃ ሆና ተመለሰች። ሞተሩን ካጠፋችው ለማስነሣት ስለሚያደክማት፣ እንደምንም እየተንገታገተ እንዲሠራ በእጇ ትንሽ ነዳጅ ይዛለት፣ በሌላው እጇ ከባልዲ ውሃ እየጨለፈች ታጥበዋለች። ልቆጣ አፌን ስከፍት የሞተሩ ድምፅ ተለወጠ። ሳሉን አቆመ። ልጄ እጇን ከነዳጁ ላይ አነሣች፤ አልጠፋም። ሁለታችንም ቀጥ ብለን ቆምን። ትንሽ ቆይቶ ውሃው ሲንጠፈጠፍ እንደገና አሰለና ጠፋ።

«የት ላይ ነው ያፈሰስሽው?» አልኳት።

«እዚህ» አለች፤ ካርቡራቶሩን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘውን አጭር ወፍራም ጎማ እያሳየችኝ።

አስነሣችና እንደገና አፈሰሰችበት። እንደገና ዳነ። ውሃው ሲደርቅ እንደገና ታመመ። ጎማው የሆነ ቦታ ተሰንጥቋል ማለት ነው፤ ሞተሩ በስንጥቁ በኩል የማይገባውን አየር ይስባል፤ ውሃው ስንጥቁን ለአፍታ ሲዘጋለት ይረጋጋል። ሲሮጥ አይታወቅበትም፤ ሲቆም ግን ያች ትንሽ አየር ትገድለዋለች። ያን ሁሉ ወር ቪቴዋ ስትዞር የኖረችው በሌላ ሰው ጥፋት ነበር።

ግን ስንጥቅ አይታይም። ጎማው ጥቁር፣ ለስላሳ፣ የሚያብረቀርቅ ነው። እንዲያውም ከሞተር ሳይክሉ አካል ሁሉ የሚያብረቀርቀው እሱ ብቻ መሆኑ ነው ጥርጣሬ ያሳደረብኝ። ልጄ በጣቷ አሸችው። ጣቷ ጠቆረ። አሸተተችውና ወደ እኔ አፍንጫ አመጣችው።

«ይሄ ምን ይሸትሻል?»

«ጫማ ጠራጊ» አልኳት።

የጫማ ቀለም ነው። ቀለሙን በላምባ ስንጠርገው ከሥሩ ፕላስተር ወጣ። ፕላስተሩን ስንልጠው ከሥሩ ጥፍር የሚያስገባ ስንጥቅ ወጣ። አንድ ሰው ጎማው መቀደዱን አይቶ፣ በፕላስተር ጠቅልሎ፣ እንዳይታይ የጫማ ቀለም ቀብቶ፣ ከዚያ «ለእህታችን ለቅቄያለሁ» ብሎ አስጨብጭቧል።

ልጄ ባልዲው ላይ ቁጭ አለች። አላለቀሰችም። «ያውቅ ነበር» አለች ብቻ።

«ነጠላዬን አቀብዪኝ» አልኳት።

«የት ልትሄጂ?»

«ቤቱ።»

«እምዬ፣ እሱ ‘እኔ አላውቅም’ ይላል፤ እኔ ‘የባልደረባዋን ስም ታጠፋለች’ ተብዬ እገመገማለሁ። እባክሽ። ዝም ብለን እናሠራው። ሚኒሞ ከያዘ አይነኩኝም።»

አይነኩኝም አለች። ልጅ ናት።

መካኒኩ ጋራዥ ጓሮ ያንኑ ዓይነት ሞተር ሳይክል የሞተ አለ። ጎማውን ከእሱ ላይ ፈትቶ ሰጠን፤ እኔም አንድ ጣሳ ለጋ ቅቤ ሰጠሁት። ልጄ ራሷ ገጠመችው። ቪቴዋን ወደ ቦታዋ መለሰቻት፣ ረገጠች፣ ነዳጁን ለቀቀች። ሞተሩ ዱክ፣ ዱክ፣ ዱክ እያለ፣ እንደ ሽማግሌ ምርቃት ሳይቸኩልና ሳይደክም ቆሞ ሠራ። ጡረተኛው ሹፌር በአጥሩ ላይ አንገቱን አውጥቶ «ያኔ ያጠበቅኳት ነች!» አለ።

የግምገማው ዕለት ከየቀበሌው ገበሬዎች «ተጠቃሚው ኅብረተሰብ» ተብለው ተጠርተው ነበር። ወንበሩ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ተደርድሯል፤ ጦጣዎች ከላይ ሆነው ቁልቁል ያዩናል። ዘበኛው በር ላይ ያዘኝ።

«እማማ፣ ስብሰባ ነው።»

«አውቃለሁ። የተጠራው ማን ነው?»

«ኅብረተሰቡ።»

«እኔ ምን እመስልሃለሁ? የእንጨት ምሰሶ?»

ገብቼ ከገበሬዎቹ መሐል ተቀመጥኩ። ልጄ አይታኝ ዓይኗን ጨፈነች።

ኃላፊው ሞተሩ ይነሣና ይታይ አለ። ልጄ አስነሣችው፣ እጇን አንሥታ ቆመች። «እኔ በቃ እስክል ይሥራ» አለና ኃላፊው እግረ መንገዱን ስለ ሩብ ዓመቱ አፈጻጸም መናገር ጀመረ። ከዚህ አንጻር አለ፣ ከዚያ አንጻር አለ፣ በአንድ በኩል አለ፤ ሁለተኛውን በኩል ሳይነግረን ሌላ ርዕስ ገባ። ሞተሩን ረሳው። ሞተሩ ግን አልረሳም፤ ንግግሩ ሁሉ እስኪያልቅ ዱክ፣ ዱክ እያለ ቆየ። አጠገቤ የተቀመጡት የሲዳማ ሽማግሌ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው በተሰባበረ አማርኛቸው «ሞተር ይሻላል። እሱ ቤንዚን ሲያልቅ ያቆማል» አሉኝ።

ሐሳብ ያለው ሲባል ባለመነጽሩ ተነሣ።

«በመጀመሪያ እህታችን ሂሱን ተቀብላ ራሷን በማስተካከሏ አድናቆቴን እገልጻለሁ። ሞተሩ ላይ የታየው ለውጥ የግምገማችን ውጤት ነው። በመቀጠል፣ ሞተር ሳይክሉ አሁን በጥሩ ይዞታ ላይ ስለሚገኝ፣ ጠንካራ ንብረት ለጠንካራ ፈጻሚ በሚለው መርሕ መሠረት፣ ርቀው ላሉ ቀበሌዎች እኔ ብይዘው የሚል አስተያየት አለኝ።»

«ገንቢ ሐሳብ ነው» አለ ኃላፊው። «በዚሁ እንሄዳለን።»

ልጄን አየኋት። ከንፈሯ ሲላቀቅ አየሁ። «ተቀ...» ሊወጣት ነው። እጄን አወጣሁ፤ ፈቃድ እስኪሰጠኝም አልጠበቅሁም።

«እናቴ፣ እርስዎ ከየትኛው ቀበሌ ነዎት?» አለኝ ኃላፊው።

«ከልጅቷ ቤት። ጌታው፣ አንድ ነገር ይግባኝ። ሲጠፋ በእሷ ድክመት ነው አላችሁ። ሲሠራ ደግሞ ለእሱ ይገባል አላችሁ። ገበያ ላይ እኔ እንዲህ ብሸጥ ቅቤዬን እላዬ ላይ ይደፉብኝ ነበር።»

ገበሬዎቹ ሳቁ። ኃላፊው ሳቁ እስኪበርድ ወረቀት አስተካከለ።

«ስሜትዎን እንረዳለን። ግን ንብረቱ የመንግሥት ነው።»

«ልክ ነዎት። የመንግሥት የመንግሥት ነው፤ የእኔ ደግሞ የእኔ ነው። ሞተሩን ያዳነው ጎማ የእኔ ነው፤ በቅቤዬ ያገኘሁት። አንቺ ልጅ! የእኛን ፍቺና ንብረታቸውን እንዳረከቡሽ አድርገሽ አስረክቢያቸው።»

ልጄ ቆመች። እዚያ ቆማ ሳለ ምን እንዳሰበች እስካሁን አልጠየቅኋትም። ቦርሳዋን ከፍታ ካቻቪቴዋን አወጣች፣ ተንበረከከች፣ ሞተሩን አጠፋችና ጎማውን ፈትታ ለእኔ አቀበለችኝ። አሮጌውን ጎማ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛው ኖሯል፤ ከነፕላስተሩ። ለሁሉም ከፍ አድርጋ አሳየች።

«ስረከብ የነበረው ይህ ነው» አለች። «ተሰንጥቆ ነበር። ስንጥቁ ላይ ፕላስተር፣ ፕላስተሩ ላይ የጫማ ቀለም ነበረበት። እኔ አይደለሁም የቀባሁት። እኔ ጫማዬን ቀለም ቀብቼ አላውቅም።»

እውነቷን ነው፤ ሸራ ጫማ ነው የምታደርገው። ሰው ሁሉ፣ ማንም ሳያዘው፣ አንገቱን ዘቅዝቆ የባለመነጽሩን ጫማ አየ። እንደ መስታወት ፊት ያሳያል።

«የጫማ ቀለም ማንም ሰው ዘንድ አለ» አለ ባለመነጽሩ።

«አለ። ተረከበኝ» አለችው። አሮጌውን ጎማ ፕላስተሩን መልሳ ጠቅልላ ገጠመችና መያዣውን አስጨበጠችው።

እንግዲህ ምን ያድርግ? ተረከበ። ረገጠ፣ ረገጠ፤ ሦስተኛው ላይ ተነሣለት። ነዳጁን እስከ ጥግ ሰጥቶ በኩራት ወደ በሩ ነዳው። ዘበኛው ንብረት ሲወጣ መፈተሽ ልማዱ ነውና እጁን ዘርግቶ አስቆመው። ሞተሩ አሰለ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ጠፋ። ረገጠ። ተነሣ፣ ጠፋ። ረገጠ። ላቡ ሲወርድ ለመጀመሪያ ጊዜ መነጽሩን አወለቀ። ከገበሬዎቹ ኋላ አንድ ጎረምሳ «ወንድሜ፣ የአያያዝ ክፍተት ነው!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ በኋላ ስብሰባውን ስብሰባ ማለት አይቻልም።

«እሱስ ግለ ሂስ አያደርግም?» አልኩት ኃላፊውን። «ጠፍቶበታል እኮ።»

ባለመነጽሩ እየገፋ መለሰውና «ከሥራዬ ባሕርይ አንጻር ሞተር ሳይክሉን አስፈላጊ ሆኖ አላገኘሁትም» አለ። ግለ ሂስ ማለት ይህ ከሆነ እኔ ጳጳስ ነኝ። ኃላፊው ግን ደስ አለው። ሞተር ሳይክሉ በእህታችን እጅ ይቀጥል፣ መስክ መውጣቷም ይቀጥል ብሎ አቅጣጫ አስቀመጠ። እኔ አልበቃኝም። ባለፈው የተቀበለችው ጥፋት ይሰረዝላት አልኩ።

«እናቴ፣ የተቀበለችውን ሂስ መሰረዝ የሚባል አሠራር የለም።»

«የመቀበሉ አሠራር ሲኖር የመሰረዙ እንዴት አይኖርም?»

«ስለሌለ ነዋ።»

ጎማው ከእኔ ጋር ይመለሳል ልል ነበር። ልጄ እጄን ያዘች። «እምዬ፣ በቃ። ነገ የምከትባቸው ከብቶች አሉ» አለችኝ። ጎማውን ከእጄ ወስዳ ገጠመችው። የከብቶቹ ጥፋት ምን አለ? ባለመነጽሩን በሚመለከት፣ ቆይቶ አቅም ግንባታ ኃላፊ ሆኖ አድጓል ሲሉ ሰምቻለሁ። አልገረመኝም።

ሻይ ሊቀዳ ሲል ልጄ ሞተሩን አስነሥታ «ከኋላዬ ውጪ» አለችኝ። በዚያ ዕድሜዬ፣ ነጠላዬን አገልድሜ፣ ወገቧን አንቄ ወጣሁ። በጉዱማሌ ሜዳ በኩል ስናልፍ አንድ ሰው ከብቶቹን ወደ ሐይቁ እየነዳ መንገዱን ዘጋው። ቆመች። ሞተሩ ከሥራችን በዝግታ ይሠራል። ከብቶቹ ሲያልፉ እያየች፣ ፊቷን ሳታዞር፣

«ያን ቃል ማለት አልነበረብኝም» አለች።

«የቱን?»

«ተቀብያለሁ ያልኩትን።»

ሌላ አያት ቢሆን «ተዪው፣ አለፈ» ይል ይሆናል።

«አልነበረብሽም» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። የመጨረሻዋ ላም ስታልፍ ነዳጅ ሰጠችውና ሄድን።